ሚዛኑ በር ላይ ይቁም

የአረንጓዴ ሕንፃ ሰርተፊኬት ሲነሳ ብዙ ሰው ወደ ዲዛይኑ ይመለከታል፤ ወደ መስታወቱ ዓይነት፣ ወደ ጣሪያው ሶላር፣ ኮምፒውተር ላይ ወደተሠራው ሞዴል። ሥራዬ ሳይት ላይ በመሆኑ እኔ የማየው ሌላውን ጎን ነው። አርክቴክቱ ያሰበው ነጥብ የሚያዘው ወይም የሚያመልጠው ስቶር ውስጥ፣ ዘበኛው ቤት አጠገብ፣ ቀለም ቀቢው ጣሳውን በሚከፍትበት ክፍል ነው። አንድ ፕሮጀክት ሰርተፊኬት ያገኝ እንደሆነ ለማወቅ ስፈልግ መጀመሪያ የምጠይቀው የስቶር ኪፐሩን መዝገብ ነው። ቀጥዬ ከግቢው የሚወጣው መኪና ምን ጭኖ የት እንደሚሄድ እጠይቃለሁ።

ባለቤቶች ከእኔ የሚፈልጉት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ነው፤ ሊድን ወይም ኤጅን። ሊድ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው የአሜሪካ የአረንጓዴ ሕንፃ ምክር ቤት ያወጣው ሥርዓት ነው። አራተኛው እትሙ 110 ነጥብ አለው፤ በ40 ሰርተፊኬት ይገኛል፣ 50 ሲሞላ ብር፣ 60 ሲሞላ ወርቅ፣ 80 ሲሞላ ፕላቲነም ይሆናል። ኤጅ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ያዘጋጀው ነው። ሕንፃው በአካባቢው ከተለመደው አሠራር ጋር ሲነጻጸር በኃይል፣ በውሃና በግንባታ ዕቃ በእያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 በመቶ እንዲቆጥብ ይጠይቃል። እዚህ በአብዛኛው የማወራው ስለ ሊድ፣ ስለዚሁ አራተኛ እትሙ ነው፤ ሳይቱን ይበልጥ የሚያስጨንቀው እሱ ነውና።

ኮንትራክተሮች ዘግይተው የሚገነዘቡት ቅድመ ግዴታዎቹን ነው። ነጥብ አይሰጥባቸውም፤ ግን አንዷ ብትጎድል 80 ነጥብ የሰበሰበ ሕንፃ እንኳ ባዶ እጁን ይመለሳል። የተረፈ ምርት አያያዝ ዕቅድና የአፈር መሸርሸር መከላከያ ዕቅድ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ሁለቱም መዘጋጀት ያለባቸው የመጀመሪያው ኤክስካቫተር ግቢ ከመግባቱ በፊት ነው። ቁፋሮ አልቆ "አሁን ሊድ እንጀምር" የሚል ባለቤት ሲመጣ ያለፈውን ወር መልሼ ላመጣለት አልችልም።

ተረፈ ምርቱ ላይ ልቆይ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው። መጋቢት 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። ከዚያ ወዲህ ቆሻሻ ጭኖ ከግቢ የሚወጣ ገልባጭ ሳይ የት እንደሚደፋ ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም።

አዲስ አበባ ውስጥ ሳይት ላይ ፌሮ አይጣልም። ቁርጥራጩ ተለቅሞ ይከመራል፣ ገዢው አይሱዙ ይዞ ይመጣል፣ በኪሎ ተመዝኖ ይሄዳል። የካሳፎርማው ጣውላ ሚስማሩ ተነቅሎ ለሚቀጥለው ወለል ይዘጋጃል፤ አጠናውና ሞራሌው ከሳይት ሳይት ይዞራሉ። የሲሚንቶ ከረጢት ገዢ አለው፣ የተሰበረ ብሎኬት መሙያ ይሆናል፣ የቀለም ባልዲ ታጥቦ ቤት ይገባል። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ገብቶ የወጣ ሰው ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ልነግረው አያስፈልገኝም። ሠራተኞቹን ሰብስቤ ስለ ተረፈ ምርት ሳስረዳ አንድ አንጋፋ ፎርማን እጁን አውጥቶ "ኢንጂነር፣ ይሄ እኮ ድሮም የምንሠራው ነው" ብሎኛል። ልክ ነው። የጎደለው መዝገቡ ብቻ ነው።

ሊድ የሚለው ይህን ነው፤ ከተረፈ ምርቱ 50 በመቶው በሦስት የቁሳቁስ ዓይነት ከመደፋት ከዳነ አንድ ነጥብ፣ 75 በመቶው በአራት ዓይነት ከዳነ ሁለት ነጥብ። በክብደት ወይም በመጠነ ይዘት መቁጠር ይቻላል፤ የተጀመረበት መለኪያ ግን እስከ መጨረሻው መዝለቅ አለበት። ሌላም መንገድ አለ፤ ጠቅላላው ተረፈ ምርት በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ12.2 ኪሎ እንዳይበልጥ ማድረግ። ኮንትራክተሩ መቶኛውን ሲሰማ ፊቱ ይበራል፤ ለቤዝመንት ያስወጣውን አፈር በሙሉ ሊያስቆጥር ነው። የቁፋሮ አፈርና ምንጣሮ ግን ከስሌቱ ውጭ ናቸው። ያ ሁሉ የሲኖትራክ ምልልስ ለዚህ ነጥብ ምንም አይጨምርም። የሚቆጠረው ፌሮው፣ እንጨቱ፣ ካርቶኑ፣ ብሎኬቱ፣ ላሜራው ነው።

ስለዚህ ሳይት ሲከፈት ከሁሉ ቀድሜ የማስገዛው ዕቃ ትልቅ ሚዛን ነው፤ የሚቀመጠውም ከዋናው በር አጠገብ ነው። ለዘበኛው የሚሰጠው ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው፤ ሳይመዘን የሚወጣ ነገር የለም። ቅጹ አንድ ገጽ ነው፤ ቀን፣ ዓይነት፣ ክብደት፣ የገዢው ስም፣ ታርጋ፣ የሚሄድበት ቦታ፣ ፊርማ። ፌሮ ገዢዎቹ አብዛኞቹ ደረሰኝ የላቸውም፤ ቅጹን በአማርኛ ያዘጋጀሁት ለዚህ ነው፤ አንብበው ይፈርማሉ፣ መጻፍ የማይችል ጣቱን ያሳርፋል፣ ጭነቱ ከነታርጋው ፎቶ ይነሳል። ዋሽንግተን ተቀምጦ የሚገመግመው ሰው ምናለሽ ተራን አያውቅም። ወረቀቱን አይቶ ሂሳቡን ራሱ መደመር መቻል አለበት። ከዘበኛው ጋር በደንብ መነጋገር ደግሞ የሥራው ግማሽ ነው። "ጋሼ፣ እርስዎ ካልመዘገቡት የቢሮው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው" ስላቸው እውነቴን መሆኑን ያውቃሉ፤ እስክሪብቶ የማይለያቸው ዘበኞች ያሉበት ሳይት ላይ ችግር ገጥሞኝ አያውቅም።

የጣውላው ፍርፋሪ ለብቻው ጉዳይ ነው። ማታ ሥራ ሲያልቅ የቀን ሠራተኛ ሴቶች ለማገዶ ተሸክመውት ይሄዳሉ። ሊድ ወደ ነዳጅነት የተለወጠን እንጨት ይቀበላል። ሌላ ቆሻሻ አቃጥሎ ኃይል ማመንጨትን ግን ከመደፋት እንደዳነ አይቆጥረውም፤ ረጲ ላይ በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው ማመንጫም ቢሆን እዚህ ስሌት ውስጥ አያግዝም። በጀርባ የሄደውን ማገዶ በግምት እናስቆጥር የሚል ሐሳብ በየፕሮጀክቱ ይነሳል። እኔ አላስገባውም። የት እንደደረሰ በወረቀት የማላሳየውን ነገር ፈርሜ አልልክም። ለነጥብ ብሎ ሴቶቹን ከበር መመለስም ነውር ነው። እንጨቱ ለእነሱ ይሂድ፤ ነጥቡ ከሌላ ይምጣ።

ቀጥሎ የሚመጣው ክረምት ነው። ቦሌ አካባቢ ጥቁሩን መረሬ የቆፈረ ሰው ሐምሌ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። ገልባጩ በጎማው ጭቃ ይዞ አስፋልት ላይ ይወጣል፣ እግረኛው ይንሸራተታል፣ ቱቦው ይደፈናል። የተረፈው ደለል በከተማዋ ወንዞች ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። ሊድ የሚጠይቀው መከላከያ ሩቅ አገር የተጻፈ ቢሆንም እዚህ ባዕድ አይደለም፤ በር ላይ ወፍራም ጠጠር ማንጠፍ፣ ጎማ ማጠቢያ ማዘጋጀት፣ የአፈሩን ክምር በሸራ መሸፈን፣ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ግቢው ሳይደርስ በቦይ ማስቀየስ፣ ዝቅተኛው ጥግ ላይ ደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ መቆፈር፣ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ ዞሮ ማየትና መመዝገብ። ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ ግን የጊዜ ሰሌዳው ነው። ቁፋሮውን ከሰኔ በፊት ለጨረሰ ኮንትራክተር የመከላከያው ወጪ ይቀልለታል። የውል ድርድር በዘገየ ቁጥር ቁፋሮው ሐምሌ ላይ ይወድቃል። ይህን ለባለቤቶች ደጋግሜ የምናገረው የውሉ ጠረጴዛ ላይ የባከነው ሳምንት ወንዙ ውስጥ ስለሚገባ ነው።

ስለ ሕንፃው የውስጥ አየር ስናገር ነገሩ ከነጥብ ያልፍብኛል። የቀለም፣ የማጣበቂያና የቫርኒሽ ገደቦች ሲነሱ ቀድሞ የሚታሰበው ሕንፃው ውስጥ የሚኖረው ሰው ነው። መጀመሪያ የሚተነፍሰው ግን ቀቢው ነው፤ መስኮት በተዘጋበት ክፍል፣ ያለ መሸፈኛ፣ ቲነር እየጨመረ ቀኑን ሙሉ። ሊድ የሚያጣቅሰው የካሊፎርኒያ ደንብ ለተራ የግድግዳ ቀለም በሊትር 50 ግራም ተኖ የሚበር ኬሚካል ይፈቅዳል። አቅራቢው "ይሄ ሽታ የለውም" ሲለኝ የምርቱን መረጃ ወረቀት እጠይቀዋለሁ፤ አፍንጫ ግራም አይለካም። ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት ያለው የአገር ውስጥ ፋብሪካ ሳገኝ ለሚቀጥለውም ፕሮጀክት ይዤው እሄዳለሁ። ወረቀቱ ጥሩ የሆነ ቀለም ላይ ሳይት ውስጥ ቲነር ከተጨመረበት ግን ሁሉም ነገር ፈርሷል፤ ስለዚህ ቲነር ከስቶር የሚወጣው በፊርማ ብቻ ነው። ሲጋራም ሕንፃው ውስጥና ከመግቢያው በ7.5 ሜትር ውስጥ ክልክል ነው፤ ይህን ለማስከበር አጫሾቹን የሚያስጠልል ጥላ ሌላ ቦታ መሥራት ከማስታወቂያ ሰሌዳ ይሻላል።

ሕንፃው ካለቀ በኋላ ሰው ሳይገባበት በንጹሕ አየር የማጠብ ነጥብ አለ። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል 4,267 ሜትር ኩብ ያህል የውጭ አየር መግባት አለበት። በዚያ ጊዜ የውስጡ ሙቀት ከ15 ዲግሪ እንዳይወርድ፣ ከ27 እንዳያልፍ፣ እርጥበቱ ከ60 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠየቃል። ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ይህን እርጥበት በተከፈተ መስኮት ማግኘት ዘበት ነው። ቀለሙ ከመስከረም ወዲያ እንዲያልቅ የምሟገተው በዚህ ምክንያት ነው። ጂፕሰሙም ቢሆን በክረምት ሳይሸፈን ካደረ ሻጋታ ያወጣል፣ ሻጋታ ያወጣ ጂፕሰም ደግሞ ተመልሶ ተረፈ ምርት ይሆናል።

በሲሚንቶ በኩል ዕድለኞች ነን። እሳተ ገሞራ የጣለልን ፖዞላና አለ፤ ፒፒሲ የምንለው ሲሚንቶ በውስጡ ያለው ክሊንከር ከተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ፣ ከኦፒሲ፣ ያነሰ ነው፣ ሲመረት የሚያወጣውም ካርቦን እንዲሁ። ልስንና ግንብ ላይ ኦፒሲ የሚያዝ መሐንዲስ ሳይ አስቆመዋለሁ። በሊድ ስሌት ከፕሮጀክቱ በ160 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የተቆፈረ፣ የተመረተና የተገዛ ዕቃ ዋጋው እጥፍ ሆኖ ስለሚቆጠር የአምቦ ድንጋይና የሙገር ሲሚንቶ ለአዲስ አበባ ፕሮጀክት ይጠቅማሉ። የድሬዳዋው አይገባም።

ከሥርዓቱ ጋር የማልስማማበትም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። አቅጣጫው የታሰበበት፣ መስኮቱ የሚከፈት፣ ፀሐዩን የሚከልል ጥላ ያለው ቢሮ ዓመቱን ሙሉ ያለ ማቀዝቀዣ ሊሠራ ይችላል። የሊድ የኃይል ስሌት የሚመሠረትበት አሽሬ 90.1 የተባለው የአሜሪካ መስፈርት ግን ማቀዝቀዣ የሌለውን ሕንፃ፣ ለማነጻጸሪያ ከተቀመጠው ሕንፃ ጋር አንድ ዓይነት ማቀዝቀዣ እንዳለው አድርጎ ያሰላዋል። ሳይተከል የቀረው መሣሪያ ያዳነው ኃይል በመደበኛው ስሌት አይታይም። በልዩ ስሌት ማስረዳት ይቻላል፤ ጊዜና ባለሙያ ይፈልጋል። በዚህ የተነሳ ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሰ ሕንፃ ውድ ማቀዝቀዣ ገዝቶ ነጥብ ሲሰበስብ፣ መስኮቱን የሚከፍተው ልፋቱ ይበዛል። አገራችን ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው ከውሃ ታመነጫለች፤ መብራት ሲጠፋ ግን ያ ሁሉ ማቀዝቀዣ በናፍጣ ጄኔሬተር ላይ ይወድቃል። ባለቤቱ ወርቅ ደረጃ ሲያምረው መጀመሪያ መስታወቱን እንዲቀንስ እመክረዋለሁ። ነጥቡ ቢጎድል እንኳ የመብራት ሂሳቡ አይጎዳውም።

ሊድ ከሰርተፊኬቱ በኋላም ጥያቄ አለው፤ የሕንፃው ጠቅላላ የኃይል ፍጆታ በቆጣሪ እየተነበበ ለአምስት ዓመት እንዲላክ ባለቤቱ ቃል ይገባል። ይህ ቅድመ ግዴታ ነው፤ በሰነዱ ላይ ሲፈረምበት ግን ማን እንደሚያነበው የሚጠይቅ የለም። አማካሪው ሄዷል፣ ኮንትራክተሩ ዋስትና ማስለቀቂያ ላይ ነው፣ የሕንፃ አስተዳዳሪው ገና አልተቀጠረም። ስለዚህ ርክክቡ ከመፈረሙ በፊት ንባቡን የሚይዘው ሰው ስም በደብዳቤ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ሰውየው ሲመጣ ቆጣሪው ያለበት ክፍል ድረስ ይዤው እወርዳለሁ፤ የመጀመሪያውን ወር ንባብ አብረን መዝግበን፣ መዝገቡን ለእሱ ትቼለት እወጣለሁ።