አፅምና አጥንት

ከእንግሊዝኛ በተመለሰ ልቦለድ ውስጥ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አፅም የደበቀ ገጸ ባሕርይ ሲያጋጥመው የማይደናገጥ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። «ሰውዬው ማንን ገድሎ ነው?» ብሎ ገጹን ወደ ኋላ ይገልጣል። ነገሩ ግን ግድያ አይደለም፤ እንግሊዞች የተደበቀ የቤተሰብ ነውርን የሚጠሩበት ፈሊጥ ነው። «ገመና» የሚል ቃል በእጁ እያለ አፅም ፍለጋ የሚሄድ ተርጓሚ ያስገርማል። ጥፋቱ የአንድ ፈሊጥ ብቻ ቢሆን በዝምታ ባለፍነው። ችግሩ «አፅም»ን የ«ስኬለተን» ቁርጥ አቻ አድርጎ ከመቁጠር ይጀምራል።

ስኬለተን ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ መነሻ ትርጉሙም «የደረቀ» ማለት ነው። የግዕዙ «ዐፅም» ግን አጥንት ነው። ጾም «ጦም»፣ ጸሎት «ጠሎት» እንደሚባለው ሁሉ የእኛም «አጥንት» ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። አማርኛ ሁለቱንም ይዞ ቀረ፤ ወንድማማቾቹም ሥራ ተከፋፈሉ። ከሉካንዳ የምንገዛው አጥንት ነው፤ ልጅ ከዛፍ ወድቆ የሚሰብረውም አጥንት ነው። «የበግ አፅም ቀቅዬ መረቅ ሠራሁ» የምትል ባለሙያ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። አፅም ሲባል በቅድሚያ ወደ ልባችን የሚመጣው የሞተ ሰው ነው፤ ያውም ስም ያለው፣ ወገን ያለው። ከአባት ከአያት የወረደው መሬት «ዐፅመ ርስት» መባሉ ያለ ነገር አይደለም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስቱን አስቀረ፤ ቃሉን ግን አላስቀረም።

በ1984 ዓ.ም. የአፄ ኃይለ ሥላሴ አፅም ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እስኪያርፍ ድረስም በበዓታ ቤተ ክርስቲያን ቆየ። ንጉሡን የሚወድም የሚጠላም «አፅማቸው» ይል ነበር እንጂ «አጥንታቸው ወጣ» ያለ አላጋጠመኝም።

የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ልጁ በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። ኢትዮጵያ አፅሙን ስትጠይቅ ቆይታለች። በ2023 እ.ኤ.አ. የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የሰጠው መልስ፣ በአካባቢው ያረፉትን ሌሎች ሙታን ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር። በእንግሊዝኛው የሚከራከሩበት ቃል ሲፈታ «የተረፈው» ማለት ነው። እኛ «አፅሙ ይምጣልን» ስንል ግን የምንጠይቀው ትራፊ አይደለም፤ ልጁን ነው።

በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ሉሲስ? የአካሏ አጥንት 40 በመቶ ያህሉ ነው የተገኘው፤ ባለሙያዎች «ቅሪተ አካል» ቢሉ አግባብ አላቸው። በአማርኛ ግን «ድንቅነሽ» የሚል ስም ወጣላት። ስም ከወጣላት ወዲያ «አፅሟ» ቢባል እኔ በበኩሌ አይከፋኝም።

የሥነ ጽሑፍ መምህራን «አፅመ ታሪክ» የሚሉትንም አልቃወምም። ልቦለዱ ሥጋው ተገፎ የሚቀረው እሱ ነውና ቃሉ ቦታውን አግኝቷል። አንዳንድ ልቦለዶቻችን ከሽፋን እስከ ሽፋን አፅመ ታሪክ ብቻ መሆናቸው ሌላ ጉዳይ ነው።

የምቃወመው ስለ ረሃብ በሚጻፍበት ጊዜ የሚመጣውን «የሚራመዱ አፅሞች» የሚለውን አነጋገር ነው። የ1977ቱን ረሃብ ያዩ የውጭ ጋዜጠኞች በቋንቋቸው እንዲህ ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ ስኬለተን እነሱ ዘንድ የከሳ ሰውም መጠሪያ ነው። ወደ አማርኛ እንዳለ ሲገለበጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። የእኛ ሰው «አጥንቱ ተቆጠረ»፣ «ቆዳው ካጥንቱ ተጣበቀ» ይላል። አጥንቱ የሚቆጠር ሰው እህል ካገኘ ይተርፋል። ኮረም ላይ ተሰልፎ ስንዴ ይጠብቅ የነበረው ሰው ገና በሕይወት ነበር።