ወንፊቱ የገለጠው

አዘጋጇ የደወለችልኝ ተጨንቃ ነበር። ከመሥሪያ ቤቷ የድረ ገጽ ማኅደር አንድ የቆየ ጽሑፍ ለማረም በሲኬኤዲተር 4 ስትከፍተው፣ አማርኛው ጠፍቶ የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ መጣባት። «ጽሑፉን በላብኝ» አለችኝ። «እንዳታስቀምጪው» አልኳት።

እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት የሲኬኤዲተርን የይዘት ማጣሪያ ነው። ይህ የጽሑፍ ማረሚያ እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው ስሪት 4.1 ወዲህ፣ በተጫኑለት መሣሪያዎች ያልተፈቀደውን ታግና ስታይል ሁሉ ያስቀራል። በእነርሱ ማረሚያ ላይ የፎንት መምረጫ ስላልነበረ የፎንቱ ስም ተቆርጦ ቀርቷል። ማጣሪያውን ባጠፋው አማርኛው ተመለሰ። ሥራው ያለቀ መሰለኝ። ማታ ያንኑ ገጽ በስልኬ ስከፍተው ግን ያው ድብልቅልቅ ጠበቀኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ወደ ዳታቤዙ ወርጄ ጥሬውን ጽሑፍ ሳየው አንድም የግዕዝ ፊደል አልነበረበትም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በስሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፎንቶች የ«ሀ»ንና የ«ለ»ን ቅርጽ በላቲን ኮዶች ላይ ያስቀምጡ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲን ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። የቢሮው ኮምፒውተሮች ፎንቱ ስለተጫነባቸው ችግሩ ለዓመታት ተሸፍኖ ኖረ። ማጣሪያው ጽሑፉን አላበላሸውም፤ የተሸፈነውን ገለጠው።

መፍትሔው ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነበር። እዚህ ላይ ግን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በአማርኛው መሐል እውነተኛ የእንግሊዝኛ ቃላት ነበሩ፤ የትኛው ላቲን አማርኛ እንደሆነ የሚመሰክረው ያ የፎንት ስም ብቻ ነው። ማጣሪያው ቆርጦት ከተቀመጠ ምስክሩ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ማኅደሩን ገልብጠን አስቀመጥን፤ እዚያው ዳታቤዙ ላይ የፎንት ስም ያለበትን ብቻ እየለየን ቀየርን፤ ማጣሪያውን መልሰን የከፈትነው ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬ «ታጌ ጠፋ» ሲሉኝ «የት ላይ?» ብዬ እጀምራለሁ። መጀመሪያ የተቀመጠውን አያለሁ፤ ቀጥሎ ወደ ማረሚያው ሲገባ፣ ከዚያም ሲወጣ። ጥፋቱ በእርግጥ የማጣሪያው ከሆነ፣ የጎደለውን አንድ ታግ ብቻ እፈቅዳለሁ እንጂ ማጣሪያውን አላጠፋውም። ያን ቀን እንዳጠፋሁት ብተወው ኖሮ፣ ያ ማኅደር ዛሬም ከቢሮው ውጭ የሚያነበው ሰው አያገኝም ነበር።