የጠመንጃ ቈጠራና የጥይት ጉዳይ፤ ስለ አርሲ ዘመቻ በተጻፉ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ኢትዮጵያ የነፍጥ ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሊቅ ሁሉ አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር ጠመንጃ መቍጠር ነው። ይህን ያህል ሬሚንግቶን ገባ፥ ያን ያህል ውጅግራ ተገዛ፥ ከጣልያን ይህ ተገኘ እየተባለ ሠንጠረዥ ይዘጋጃል፤ ከሠንጠረዡም በታች የድሉ ምክንያት ይጻፋል። ቈጠራው የሚጠቅም ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ጠመንጃ ያለ ባሩድና ያለ አረር የብረት ዱላ መሆኑን ሠንጠረዡ አይናገርም። በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የፈለግነውም ይህን ጉድለት ነው፤ ምሳሌያችን የአርሲ ደጋ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።

በፊታችን ያሉት ሥራዎች ሦስት ናቸው። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1962 በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ያወጡት የ1800–1935 የነፍጥ ታሪክ፥ ሪቻርድ ካውልክ በ1972 በአፍሪካ ታሪክ መጽሔት ስለ ነፍጥና ስለ መሳፍንት ሥልጣን የጻፉት፥ እንዲሁም አባስ ሐጂ ገናሞ በ2014 ስለ አርሲ ኦሮሞ መወረርና ተቃውሞ ያሳተሙት መጽሐፍ ናቸው። ፓንክኸርስት ከየተጓዡ መጽሐፍና ከየቈንስሉ ደብዳቤ የለቀሙትን ማስረጃ ማንም ሳይመሰገን ሊያልፈው አይችልም። ካውልክ ደግሞ ነፍጥ የያዘ ሁሉ ሥልጣን ያዘ የሚለውን ቀላል አባባል ጠለቅ አድርገው መርምረዋል። የአባስ ሐጂ መጽሐፍ ከሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን የቀረበ ነው፤ የተሸናፊውን ወገን ታሪክ ከውስጥ ሆኖ የሚናገር ሥራ ለረጅም ጊዜ አጥተን ቈይተናልና።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። የምኒልክ ሠራዊት በአርሲ ላይ የዘመተው ከ1882 ጀምሮ ሲሆን አገሩ የተያዘው በ1886 ነው። ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ የመሩት ጦር በአዙሌ ድል ያደረገው በዚሁ ዓመት በመስከረም መጀመሪያ ነበር። ጠመንጃ በጦር ላይ የሚያገኘው ድል የተወሰነ ነገር ከሆነ፥ ፈረስና ጦር የያዘ ሕዝብ አራት ዓመት ሙሉ እንዴት ሊቋቋም ቻለ? መልሱ ጀግንነት ነው የሚሉ አሉ፤ እውነትም ነው፥ ነገር ግን ጀግንነት ብቻውን የታሪክ ማብራሪያ አይሆንም። ከመልሱ አንዱ ክፍል በነፍጠኛው ዝናር ውስጥ ያለ ይመስለናል።

በዚያ ዘመን በሸዋ ሠራዊት እጅ የነበረው ነፍጥ አንድ ዐይነት አልነበረም። በአፈሙዙ የሚጐረሰው አሮጌ ጠመንጃ ነበረ፤ ባለ ቀለሁ ሬሚንግቶንም ነበረ። የሁለቱ ልዩነት በፍጥነት ብቻ አይደለም። በአፈሙዝ ለሚጐረሰው ባለቤቱ ባሩዱን ራሱ ይሰፍራል፥ እርሳሱን አቅልጦ በቅርጽ ያፈሳል፤ ባሩድ መሥራትም በሸዋ ከአርሲ ዘመቻ አስቀድሞ የታወቀ ሙያ ነበር። ቃላቱ ራሳቸው ይህን ይመሰክራሉ። «ባሩድ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በመጀመሪያ የሚጠራው ድብልቁን ሳይሆን ከሦስቱ ቅመሞች ዋናውን፥ ጨውን ነበር፤ ከሰልና ድኝ ተከታዮች ናቸው። «አረር» በግዕዝ እርሳስ ማለት ነው። ዛሬ ጥይት ስንል የተሰናዳ ዕቃ ይታየናል፤ አያቶቻችን ግን ያዩት እንደ ወጥ ተለይቶ የሚሰናዳ ነገር ነበር።

ባለ ቀለሁ ጠመንጃ ይህን ነጻነት ይነሣል። የ1874ቱ ግራ፥ ማለት የእኛ ውጅግራ፥ ለአንድ ተኩስ 5.25 ግራም ባሩድና 25 ግራም እርሳስ ይፈልጋል። ከአንድ ኪሎ እርሳስ 40 አረር ይወጣል ማለት ነው። እርሳስም ባሩድም ይገኛሉ እንበል፤ የተተኮሰውም ቀለህ ታጥቦ፥ ተስተካክሎ እንደ ገና ይሞላል እንበል። እሳቱን የሚሰጠው ካፕሱል ግን በቀጥቃጭ ወናፍ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ከፋብሪካ መምጣት አለበት። ስለዚህ የነፍጡ ኃይል የተቋጠረው በጠመንጃው ሳይሆን በዚህች ጥፍር በምታህል መዳብ ላይ ነበር። የአውሮፓ ዲፕሎማቶች ይህን ከታሪክ ጸሓፊዎች ቀድመው ያወቁት ይመስላል፤ በ1890 በብራስልስ የፈረሙት ውል ነፍጥን ብቻ ሳይሆን ባሩድን፥ አረርንና ጥይትንም በስም ጠርቶ ከልክሏልና።

አርተር ራምቦ በ1887 ወደ ሸዋ ያመጣው ቅፍለት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ወደ 2,000 የሚጠጋው ጠመንጃ በአውሮፓ ዘመኑ ያለፈበት ባለ ካፕሱል ነበር። ጸሓፊዎች ገጣሚው ነጋዴ ንጉሡን አሮጌ ዕቃ ሊሸጥለት መጣ እያሉ ይሣለቃሉ። ነገር ግን ባሩዱንና አረሩን በአገሩ ማዘጋጀት ለሚችል ሠራዊት አሮጌው ጠመንጃ ጥይቱ ካለቀበት ሬሚንግቶን እንደሚሻል መገመት ነበረባቸው። በሠንጠረዡ ላይ ሁለቱም «አንድ ጠመንጃ» ተብለው መቈጠራቸው ነው ስሕተቱ።

በዚህም ላይ የአየሩን ነገር እንጨምር። አሰላ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ከበስተ ጀርባዋ ያለው ጭላሎ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። የደጋው ክረምት ጉም የማይለየው ነው። ጥቁር ባሩድ ደግሞ እርጥበት ጠጪ ነው፤ በአፈሙዝ የተጐረሰ ጠመንጃ በዝናብ ሌሊት አድሮ ጧት ሊከሽፍ ይችላል። በናስ ቀለህ የታሸገው ግን ደረቅ ሆኖ ይቈያል። አዙሌ የሆነው ክረምቱ ገና ሳይወጣ ነው። እንዲህ ባለ ወቅት ደረቅ ጥይት የያዘው የሠራዊቱ ክፍል ምን ያህል እንደ ሆነ ማወቅ የጠመንጃውን ድምር ከማወቅ ይበልጣል። ሦስቱም ሥራዎች ይህን ጥያቄ ዋና አድርገው አላነሡትም፤ በተለይ በአባስ ሐጂ መጽሐፍ የአውሮፓ ነፍጥ ብልጫ እንደ ተረጋገጠ ነገር ተይዞ ወደ ሌላው ጉዳይ መታለፉ ያሳዝናል። አንድ ነገር «አውሮፓ ሰጠው» ብሎ መዝጋት የአሸናፊውን ወታደር ምላጭ ሳቢ ብቻ፥ የተሸናፊውን ፈረሰኛ ደግሞ ሟች ብቻ ያደርጋቸዋል። ጭሱ እስኪበተን፥ ጠመንጃው እንደ ገና እስኪጐረስ ያለችውን ጊዜ አይቶ በፈረስ መግባት የጦር ዕውቀት ነው እንጂ ዕብደት አይደለም።

ይህን ጊዜና ይህን ጭስ በወረቀት ብቻ መገመት አስቸጋሪ ነው። የሚያስገርመው የተሻለው ማስረጃ ከታሪክ ሊቃውንት አለመምጣቱ ነው። በአሜሪካ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እንደ ድሮ ከብት ጠባቂዎች ለብሰው፥ ለየራሳቸው የጨዋታ ስም አውጥተው፥ በ1873ቱ ዊንቸስተርና ኮልት ዐይነት የሚተኵሱ ሰዎች አሉ። ከእነርሱም መካከል እርሳስ አቅልጠው አረር የሚያፈስሱ፥ ቀለሁን በጥቁር ባሩድ የሚሞሉ አይጠፉም። ጨዋታቸው አንድ ትልቅ ነገር ይጐድለዋል፤ የዚያ ዘመን ጥይት በማን ላይ እንደ ተተኰሰ በሜዳቸው አይታይም። ቢሆንም እጃቸው ያወቀውን መናቅ አይገባም። እርሳስ ሲቀዘቅዝ አረሩ እንደሚሸበሸብ፥ ከጥቂት ተኩስ በኋላ ጥላሸቱ አፈሙዙን እንደሚያጠብበው፥ ይህንም ለማለስለስ ሰምና ሞራ እንደሚቀባ ያውቃሉ። ሰምና ሞራ! በአርሲ ደጋ ከእነዚህ የሚበዛ ምን አለ?

የኢትዮጵያን ጥይት የሚያጠና ሰው ግን ከዚያ ሜዳ የማያገኘው አንድ ነገር አለ፤ ጥይት በአገራችን ገንዘብም ነበር። ፓንክኸርስት ይህን በሚገባ አሳይተዋል፤ ከጨው አሞሌና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋር በየገበያው ይዘረዘር ነበር። ነገር ግን ፍሬውን እስከ መጨረሻ አልለቀሙትም። የሚተኵስ ወታደር ገንዘቡን እየበተነ ነው። እንግዲያው አንድ ተጓዥ «እያንዳንዱ ወታደር ይህን ያህል ጥይት ነበረው» ብሎ ሲጽፍ የሚቈጥረው የጦር ስንቅ ነው ወይስ የኪስ ገንዘብ? መልሱ ሳይታወቅ ቍጥሩን ለጦር ኃይል ማስረጃ ማድረግ አይቻልም።

ሌላው የተዘለለው የባለ እጁ ሰው ነው። በኦሮሞ ዘንድ ቱምቱ የሚባለው ብረት ሠሪ፥ በአማራውም ቀጥቃጩ፥ ሥራው ተፈልጎ ራሱ የተናቀ ነበር፤ ንቀቱም ወደ ጥናቱ ገጽ ድረስ ተከትሎታል። ከ1967 በኋላ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ማረሻውን፥ ሞፈሩንና ቀንበሩን እያሻሻለ ሲፈትን ኖሯል። ስለ ሞፈር ይህን ያህል ከተደከመ የአረር ማፍሰሻ ቅርጽ በአንድ ሥዕል እንኳ ቢመዘገብ ምን ነበረበት?

ማስረጃው ከመሬት ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል በሌላ አገር ታይቷል። በ1876 ጦርነት የተደረገበት የሊትል ቢግሆርን ሜዳ በ1983 ከተቃጠለ በኋላ በ1984 እና በ1985 ተመራማሪዎች በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ፈትሸውት ነበር። ከየቀለሁ ላይ ያለውን የመቺ ምልክት በማነጻጸር የትኛው ጠመንጃ ከየት ወደ የት እንደ ተዘዋወረ ለይተዋል፤ የተሸናፊው ጦር ታሪክ ጸሓፊዎች ያቃለሉትን የሕንዶቹን የነፍጥ ብዛትም አሳይተዋል። አዙሌ ከዚያ ጦርነት የምታንሰው በዐሥር ዓመት ብቻ ነው። የናስ ቀለህ ሥሩ ላይ የፋብሪካውን ምልክት፥ ብዙ ጊዜም የተሠራበትን ዓመት ይይዛል፤ በእጅ የፈሰሰ አረርም የቅርጹን መጋጠሚያ መሥመር ይዞ ስለሚቀር ከፋብሪካው ይለያል። የአርሲ ደጋ ግን ዛሬ የስንዴ አገር ነው፤ ትራክተር በየዓመቱ ይገለብጠዋል፥ ከአፈሩ የወጣውንም ናስና እርሳስ ቆራሌው በኪሎ ይገዛዋል። በዩኒቨርሲቲ ያሉ የአርሲ ልጆች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ ሲመርጡ ከሚዛኑ በፊት ቢደርሱ መልካም ነው።