«በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ስለሚባለው ክርክር

በሴቻ ከሱቅ ዕቃ ተሰረቀ በተባለ ቍጥር ክርክሩ ወዲያው በሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ምክንያቱ ረኀብና ሥራ ማጣት ነው ይላል፤ ሌላው ሕጉ ስለ ላላ ነው ይላል። የኋለኞቹ ዘወትር የሚጠሩት ምስክር «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ያለውን የተረት ልጅ ነው። ይህን ምስክር በሚገባ የመረመረው ግን ያለ አይመስለንም።

ልጁ እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ እናቱ ዝም ብላ ተቀበለችው፤ አድጎ ከብት ሰረቀ፤ ሊሰቀል ሲል የወቀሰው እናቱን ነው እንጂ ዳኛውን አይደለም። ተረቱ የሚከሰው የተሰረቀውን የተቀበለውን ቤት ነው።

ሕጉ ላልቷል የሚለውም አይጸናም። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ሌባን በቀላል እስራት፣ እንደ ነገሩም ሁኔታ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ላይ ለከባድ ስርቆት ግርፋት እንኳ ተጨምሮ ነበር፤ ሌባ ግን አልጠፋም። ሕጉ የተሰረቀ ዕቃ የሚሸሽገውንና ዐውቆ የሚገዛውንም ይቀጣል። በክርክሩ ውስጥ ግን ገዢውን የሚያነሣ የለም። ሳሙናና ዘይት በግማሽ ዋጋ ሲቀርብለት «ከየት መጣ?» ሳይል የሚገዛው ሰው (ከእኛ ከተማሪዎችም መካከል አይጠፋም) በማግሥቱ «ሌባ! ያዘው!» ሲባል ድንጋይ ለማንሣት ቀዳሚ ነው።

በጋሞ ደጋ ሌብነት «ጎሜ» ነው። ጎሜ የሚያመጣው መዓት ከሠሪው ዐልፎ ቤተ ሰቡንና ከብቱን ይነካል ተብሎ ስለሚታመን፣ ዝም ብሎ መቀበል ለቤቱም አያዋጣም፤ ጥፋተኛው በሽማግሎች ፊት ተናዞ ይታረቃል። ይህን ሥርዐት ወደ ከተማው እናምጣ የሚሉትን አንንቅም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ ሽማግሎች በአርባ ምንጭ እርጥብ ሣር ይዘው፣ በቍጣ በወጡት ወጣቶች ፊት ተንበርክከው መልሰዋቸዋል። ነገር ግን እነዚያ ወጣቶች የሣሩን ትርጕም ያውቁ ነበር። ትናንት በአውቶቡስ የገባ እንግዳ ጎሜን አያውቅም፤ ባለሱቁም የእንግዳውን ቤተ ሰብ አያውቅም።

በዚህ መካከል የቀረው ጩኸቱ ነው። በቀድሞ ዘመን በሌባ ሻይ ልማድ መድኀኒት የጠጣ ብላቴና እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት የሌባ ቤት ይባል ነበር። እኛ ዛሬ በዚህ እንስቃለን። በመንገድ ላይ በአንድ ሰው ጣት የተጠቆመው ግን ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አልቀረበበትም። በሌባ ሻይ የተያዘው የጠፋውን ዕቃ ዋጋ ክፈል ይባል ነበር፤ በደቦ የሚደበደበው ሰው ዕዳው ስንት እንደ ሆነ እንኳ የሚነግረው የለም።