ለህንድ አስተማሪዎቻችን

በምዕራብ ሸዋ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ስታገኙ ሒሳብ ማን እንዳስተማረው ጠይቁት። ብዙዎቹ ፊታቸው በርቶ «ህንድ ነበር» ይላሉ።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየጠቅላይ ግዛቱ ሲከፈቱ የሒሳብና የሳይንስ መምህር ከየት ይምጣ? ከህንድ መጣ፣ በተለይም ከኬራላ። በ1947 እ.ኤ.አ. ለማስተማር የመጣው ፖል ቨርጊስ አማርኛ ለምዶ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ እስከመሆን ደርሷል፤ ኋላም በአገሩ ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ ተብሎ ጵጵስና ተሾሟል። የብዙዎቹ ስም ግን የቀረው በተማሪዎቻቸው ልብ ብቻ ነው። ከእነሱ መካከል የቅዱስ ቶማስ ክርስቲያኖች የሚባሉት የኬራላ ጥንታዊ ምእመናን ስለነበሩ፣ ለእነዚህ የኦርቶዶክስ ጾማችን ጨርሶ እንግዳ አልሆነባቸውም።

እኔን የሚያስደንቀኝ ትዕግሥታቸው ነው። ስሌቱን ከላይ እስከ ታች፣ አንዲት መስመር ሳይዘሉ፣ በጠመኔ ይጽፋሉ፤ መልሱን በሳጥን ያጥሩታል፤ ዞር ብለው «አንደርስታንድ?» ይሉ ነበር። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ካመነታ ሰሌዳው ተጠርጎ እንደገና ይጀመር ነበር። ከመካከላቸው ሴቷ መምህርት ከሞቃታማ የባሕር ዳርቻ መጥታ የደጋውን ብርድ በሳሪዋ ላይ ሹራብ ደርባ ትችለው ነበር።

እነሱ ባይመጡ ኖሮ ከጎጆ ከተማ ወገን ስንቁን ተሸክሞ፣ አምቦ ቤት ተከራይቶ የሚማር የገበሬ ልጅ አልጀብራን ከማን ይማር ነበር? መሐንዲስ፣ ነርስ፣ ራሱም መምህር የሆነው ያ ልጅ ዛሬም ስሌቱን መስመር በመስመር ይጽፋል።