ስለ እርሻ ጉብኝትና ስለ ጓሮ አትክልት ትምህርት የቀረበ ትችት

የዐዲስ አበባ ተማሪዎችን ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ ወይም ወደ ሱሉልታ በአውቶቡስ ወስዶ ትንሽ እርሻ ማስጐብኘት የሚመሰገን ሥራ ነው። የከተማ ልጅ ጎመኑን ከገበያ እንጂ ከመደብ አያውቀውምና ዐሳቡን የሚነቅፍ የለም። ትችታችን በአፈጻጸሙ ላይ ነው።

መጀመሪያ ጊዜውን እንመልከት። የአካባቢው ዋናው የእርሻ ሥራ በክረምት ሲሆን ትምህርት ቤት የሚዘጋውም በዚያው ወራት ነው። ስለዚህ ተማሪው የሚያገኘው በበጋ በመስኖ የሚለማውን ጓሮ ወይም የከብቱን በረት ነው። ካሮት ከተዘራ በኋላ ሦስት ወር ያህል ይፈልጋል፤ የጥቅል ጎመን ችግኝም ከአንድ ወር በላይ በመደብ ቆይቶ ነው የሚዛወረው። የአንድ ቀን ጎብኚ ግን ከዚህ ኹሉ አንዲቱን ቀን ብቻ አይቶ ይመለሳል። ያልዘራውን የነቀለ ልጅ መንቀልን እንጂ ማብቀልን አልተማረም።

ኹለተኛው የዐይንና የእጅ ነገር ነው። ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የሚገኝባት ከተማ ናት። መምህሩ ቆሞ በጣቱ እየጠቆመ የሚያስረዳው ጉብኝት ለማያይ ተማሪ ምን ይሰጠዋል? ዐፈሩን ጨብጦ ርጥበቱን፣ ቅጠሉን በጣቱ ፈትጎ ሽታውን ቢለይ ግን ከሚያየው ጓደኛው እኩል ይማራል። ለእርሱ የሚበጀው ዘዴ ለኹሉም ይበጃል።

ሦስተኛው የገበሬው ስፍራ ነው። በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር የዘመቱት በይበልጥ ገበሬውን ለማስተማር ነበር። ዛሬ በጉብኝቱ ቀን ደግሞ ገበሬው ከላሙ አጠገብ ቆሞ ይታያል እንጂ አይጠየቅም። ሆኖም ግን በሱሉልታ ውርጭ መቼ እንደሚወርድና የትኛው ማሳ ውሃ እንደሚያቁር የሚያውቀው እርሱ ነው። ስለዚህ የዕለቱ መምህር እርሱ ሊሆን፣ የድካሙም ዋጋ ሊከፈለው ይገባል።

በመጨረሻም መሬቱ ራሱ አለ። የዐዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በገበሬው መሬት ምክንያት ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተሰርዟል፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሦስቱ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ቤቱና ፋብሪካው እየተስፋፋ ነውና ዘንድሮ የተጐበኘው ማሳ ለከርሞ ሕንፃ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህን ለልጆች ሳይነግሩ ስለ ካሮት ብቻ ማስተማር ትምህርቱን ያጐድለዋል።

እንግዲህ የምናቀርበው ዐሳብ ይህ ነው፤ አንድ ክፍል በአንድ መደብ ላይ ሦስት ጊዜ ይሂድ፤ ለመዝራት፣ ለመኰትኰትና ለመሰብሰብ። በመካከሉ ያለውን ጊዜ በትምህርት ቤቱ ግቢ ያለች ትንሽ መደብ ትሙላው። ወጪው ይበዛል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሦስት እርሻ አንድ አንድ ጊዜ ለማየት የሚወጣው ገንዘብ አንዱን እርሻ ሦስት ጊዜ ለማየት ይበቃል።