ሁሉም ያየው፣ ማንም ያልተናገረው፦ የተማሪ ልብ ሰቃይ ፊልም መክፈቻ በመካነ ሰላም ደጋ

ኃይሌ ገሪማ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የሠራው «ቡሽ ማማ» የሚጀምረው በስክሪፕቱ ባልነበረ ትዕይንት ነው። እሱና ባልደረቦቹ የቀረጻ ዕቃቸውን ይዘው መንገድ ላይ ሳሉ የከተማዋ ፖሊሶች አስቁመው ፈተሿቸው፤ ካሜራው ይህን ቀረጸ፤ ኃይሌም ቀረጻውን ከፊልሙ ራስ ላይ አኖረው። እ.ኤ.አ. በ1975 የተጠናቀቀው ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚተርከው ዶሮቲ ስለምትባል፣ ባሏ ያለ ጥፋቱ ስለታሰረባት የዋትስ ሰፈር ሴት ነው። ተመልካቹ ገና ባለታሪኳን ሳይተዋወቅ የምትኖርበትን ዓለም ሕግ ያውቃል፤ እዚህ ሰፈር ቆሞ መታየት ብቻውን ያስጠረጥራል።

ይህን አጋጣሚ ዕድል ብሎ ማለፍ ይቀናል። ሆኖም ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ያልለየ ተማሪ ቢሆን ኖሮ ያንን ቀረጻ እንደ ብልሽት ቆጥሮ ይጥለው ነበር። በዚህ ጽሑፍ የመክፈቻ ትዕይንት ዕቅድ የምለው ይህን ልየታ ነው፤ የሾት ዝርዝሩ ተከትሎ ይመጣል። ልየታውን የምፈትንበት ቦታ ምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋ፣ በተለይም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላምና ዙሪያዋ ነው።

የጀማሪዎችን የልብ ሰቃይ ፊልም ጽሑፍ ያነበበ ሰው መክፈቻውን በቃሉ ያውቀዋል። ሌሊት ነው፤ ዝናብ ይዘንባል፤ የሚሮጥ እግር ይታያል፤ ስልክ ይጮኻል፤ ሬሳ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ከዚያ «ከሦስት ቀን በፊት» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደረስ ሬሳው የማን እንደሆነ ለማወቅ የሚጓጓ የለም። እዚህ ያለው ችግር የድፍረት ማነስ አይደለም፤ ድንጋጤንና ልብ ሰቀላን አንድ አድርጎ ማየት ነው። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1962 ከፈረንሳዊው ፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ረጅም ቃለ ምልልስ ልዩነቱን በጠረጴዛ ሥር በተደበቀ ቦምብ አስረድቶታል። ተመልካቹ ሳያውቅ ቦምቡ ቢፈነዳ ትርፉ የ15 ሴኮንድ ድንጋጤ ነው፤ እያወቀ ሰዎቹ ወሬ ሲያወሩ ቢመለከት ግን 15 ደቂቃ ሙሉ ይጨነቃል። ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1958 በወጣው «ተች ኦፍ ኢቭል» ይህንኑ አድርጎታል፤ በመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ የተቀመጠን ፈንጂ ከሦስት ደቂቃ በላይ በአንድ ሾት፣ ሳይቆርጥ፣ በድንበር ከተማ ጎዳና ላይ ተከትሎታል።

ይህ ትምህርት በሁሉም የፊልም መማሪያ ውስጥ ይገኛል፤ ልክም ነው። ግን ከሥሩ ሌላ ያልተነገረ ግምት አለው። የምዕራቡ ልብ ሰቃይ ፊልም ሰው ብቻውን ሊሆን ይችላል ብሎ ይነሳል። ተጠቂዋ ትጮኻለች፤ ጎረቤት ቴሌቪዥን ከፍቷል፤ ማንም አይሰማም። በቦረና ገጠር ይህ አይሠራም። አንዲት ሴት ኡኡ ብትል ከማዶ ያለው ገበሬ ሞፈሩን ጥሎ ይሮጣል፤ ዱላ የያዘው በዱላው፣ ጠመንጃ ያለው በጠመንጃው ይደርሳል። ሜዳው ገላጣ ነው፤ እንግዳ ሰው ከሩቅ ይታያል፤ ሳይደርስም «የማን ነህ?» «ከየት ተነስተህ ነው?» ይባላል። መንገደኛው የሚተርፈው መልስ ካለው ነው። እንዲህ ባለ አገር «ማን ይሰማት ይሆን?» የሚል ጥያቄ ልብ አያንጠለጥልም። የሚያንጠለጥለው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህን ያህል ዓይን ባለበት፣ ያየው ሁሉ ለምን ዝም አለ?

የኢትዮጵያ ሕዝብ የቆየ የወንጀል ምርመራ ልማድም ይህንኑ ያረጋግጣል። አውጫጭኝ በሚባለው በዚህ ልማድ የአካባቢው ሰው በሙሉ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስም አይበተንም። የሚናገረው ሰው በስሙ እንዳይታወቅ «ወፍ» ሆኖ ይናገራል። የሥርዓቱ መሠረት አንድ እምነት ነው፤ ያየ ሰው አለ፣ ጉዳዩ ማናገሩ ላይ ነው። የምዕራቡ መርማሪ ዱካ ይፈልጋል፤ የእኛ ሸንጎ ዝምታን ይሰብራል። (ሌባሻይን፣ ማለትም ሌባ እንዲያገኝ መድኃኒት አጠጥተው የሚለቁትን ልጅ፣ ለመክፈቻ ለመጠቀም የሚቋምጥ ተማሪ አይጠፋም። ትዕይንቱ ያስደንቃል፤ ግን ልማዱ ከቀረ ዘመን ተሻግሯል፤ ውጤቱም ለውጭ አገር ፌስቲቫል የተዘጋጀ ትርዒት ከመሆን አያልፍም።)

የራሳችንም ሲኒማ በዚህ መስመር ላይ ቆሟል። ሚሼል ፓፓታኪስ እ.ኤ.አ. በ1974 የሠራው «ጉማ» የደም ቂም ታሪክ ነው፤ ገዳዩንም ሟቹንም ሁሉም ያውቃል። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ከአርባ ዓመት በኋላ ይዞት በመጣው «ድፍረት» ውስጥ ደግሞ ተማሪዋ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ከብበው ይጠልፏታል፤ ነገሩ የሚሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ይህ መክፈቻ የሚያስፈራው ጠላፊዎቹ ስላልታወቁ አይደለም። ሰውየው የሚታወቅ፣ ድርጊቱም «ባህል» እየተባለ የሚታለፍ ነው። ፈረሶቹ ባይቸኩሉ እንኳ ያስፈሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው ይህ ፊልም፣ ከመክፈቻው በኋላ ወደ ፍርድ ቤት ገብቶ ክርክር ሲበዛበት የዚያን ሜዳ ጉልበት መልሶ አላገኘውም፤ ቢያንስ እኔ እንዲህ አነበዋለሁ።

አሁን ወደ መካነ ሰላም እንውጣ። ከደሴ በአቀስታ በኩል የሚመጣው መንገድ በሰፊ ደጋ ላይ ይዘልቃል፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከምዕራብና ከደቡብ በኩል መሬቱ ድንገት ተቆርጦ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ለፊልም ሠሪ ከዚህ መልክዓ ምድር የሚበልጥ መምህር የለም፤ ሜዳው ሁሉን ያሳያል፣ ገደሉ ሁሉን ይሰውራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንዳንዴ ጥቂት እርምጃ ነው። በሜዳው ላይ ተደብቆ መሄድ አይቻልም፤ ከአፋፉ ያለፈ ሰው ግን ከዓይን ይጠፋል። እንግዲህ ትልሙ የሚጀምረው ከዚህ ጠርዝ ነው።

በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ግቢ የሚማር፣ ከስልኩና ከሦስት ጓደኞቹ በቀር ምንም የሌለው ወጣት የመክፈቻ ሐሳብ ጠይቆኛል እንበል። የምመልስለት ይህን ነው። ማለዳ፣ ገበያ በዋለ ማግሥት፣ የተጫነች በቅሎ ብቻዋን ከአፋፉ በኩል ብቅ ትላለች። ኮርቻዋ በሥነ ሥርዓት ተጭኗል፤ ልጓሟ መሬት ይጎተታል። የሚያርስ ገበሬ ያያታል፤ ወዲያው ዓይኑን ወደ በሬዎቹ ይመልሳል። ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ወሬያቸውን ያቋርጡና መንገዱን ይለቁላታል። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ይከናነባሉ። በመጨረሻ ደብተር የያዘች ልጅ ሮጣ ልጓሟን ትይዛለች።

«እማ! ይቺ እኮ የአያ…»

«ልቀቂያት።»

«እማ፣ ብቻዋን እኮ ናት!»

«ልቀቂያት አልኩሽ፣ ልጄ።»

ልጅቱ ትለቃለች፤ በቅሎዋም መንገዷን ትቀጥላለች። ርእሱ እዚህ ይገባል።

ሬሳ የለም፣ ሽጉጥ የለም፣ ሌሊት የለም። የሂችኮክ ቦምብ ግን ተገልብጦ ይገኛል። እሱ ለተመልካቹ አሳውቆ ከገጸ ባሕርያቱ ይደብቃል፤ እዚህ ገጸ ባሕርያቱ ያውቃሉ፣ የማናውቀው እኛ ነን። ተመልካቹ በመንደሩ ውስጥ ብቸኛው እንግዳ ይሆናል። ልጅቱም ከእኛ ጋር ትቆማለች፤ ስለዚህ ገና ስሟን ሳንሰማ የፊልሙ አንጻር የእሷ ይሆናል፤ ምርመራውን የምትመራው እሷ ናት፣ የምትጋፋውም የእናቷን ዝምታ ነው። ያልተጠራው ስም በሥነ ጽሑፍ ክፍል «ንግር» እየተባለ የሚሰጠውን ሥራ ይሠራል። የሚያስፈልገውም አንድ ገራም በቅሎ፣ የጎረቤት ኮርቻና አንድ ማለዳ ነው።

አንድ ማለዳ ስል ግን በቁጥር ማሰብ ይገባል። የብርሃን ምክሮቻችን አብዛኞቹ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የተቀዱ ናቸው፤ እዚያ የንጋትና የምሽት ለስላሳ ብርሃን ረዘም ይላል። መካነ ሰላም ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ የማትሞላ በመሆኗ ጎህ ከቀደደ በኋላ ፀሐይ እስክትወጣ ያለው ጊዜ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ቢሆን ነው። በዚያ ውስጥ ሁለት ሾት ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ስለዚህ ልምምዱ ማታውኑ፣ በዚያው ቦታ፣ ከዚያችው በቅሎ ጋር ማለቅ አለበት። ረፋዱ ላይ ብርሃኑ ይከርራል። በሚያዝያና በነሐሴ ደግሞ የእኩለ ቀን ፀሐይ በአናት ላይ ስለምትቆም የሰው ዓይን በቅንድቡ ጥላ ውስጥ ይገባል። ይህ ጥላ ለሽማግሌው ቢጠቅምም ለልጅቱ አይሆንም። ክረምት ላይ ጉሙ ቀረጻውን ሁሉ ይውጠዋል፤ ያምራል፣ ግን በቅሎዋን ከሩቅ ማየት ካልተቻለ ሐሳቡ ራሱ ይፈርሳል። ከመስከረም ማለቂያ በኋላ ያለው ጥርት ያለ ሰማይ ይሻላል።

ስለ ርቀትም እንዲሁ ነው። የስልክ ካሜራ ሰፊ ስለሚያይ 400 ሜትር ላይ ያለች በቅሎ ነጥብ ትሆናለች። ታዲያ ገበሬውን ፊት ለፊት አቅርቦ፣ በቅሎዋ ከትከሻው ኋላ እያደገች እንድትመጣ ማድረግ ነው። ድምፁ ከምስሉ የበለጠ ያስቸግራል፤ በዚያ ሜዳ ላይ ያለው ነፋስ መሸፈኛ የሌለውን ማይክ ያበላሸዋልና ንግግሩን ለብቻ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ዳግም መቅዳት ግድ ነው። በዚህ ትዕይንት ሙዚቃ ባይገባ እመርጣለሁ። ወሎ ከተባለ ዋሽንት በአምባሰል ቅኝት ካልተነፋ የሚለው ልማድ ትዝታን ይቀሰቅስ ይሆናል፤ ጥርጣሬን ግን ያስተኛል። የልጓሙ ብረት ድንጋይ ሲነካ የሚሰማው ድምፅ ይበቃል።

በዚህ አገር ሁለት ፈተናዎች አሉ፤ ሁለቱም ውበት ናቸው። አንዱ በቀድሞ ስሙ ደንቆሮ ጫካ የሚባለው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የፓርኩን ቀይ ቀበሮ ለማስፈራሪያ የሚያስገባ ተማሪ በቀን አይጥ አድኖ የሚኖር፣ ራሱ ሊጠፋ የተቃረበ እንስሳ ላይ ሐሰት ይመሰክራል። ሌላው መቅደላ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን የሰዉበት አምባ ከዚሁ ደጋ፣ ከተንታ ወገን ነው፤ እስረኞቹ፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር፣ የተዘረፈው ቅርስ ሁሉ የልብ ሰቃይ ታሪክ ነው። ግን የሁለት ደቂቃ መክፈቻ ያን ክብደት አይሸከምም። ተማሪው አምባውን ከላይ በድሮን አሳይቶ ሲጨርስ ስለ ባለታሪኩ የነገረን ነገር አይኖርም። ድሮንም ፈቃድ የሚጠይቅ ዕቃ ነው፤ በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ድምፁ ባለፉት ዓመታት ለሰው የሚያስታውሰው ነገር ደግሞ ፊልም አይደለም።

ይህ ወደ ፈቃድ ጉዳይ ያደርሰናል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በክልሉ ገጠር ካሜራ ይዞ መቆም እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። የእንጨት ጠመንጃ እንኳ ከሩቅ ጠመንጃ ነው። የውሸት ኡኡታ እውነተኛ ሰው ይጠራል፤ የሚመጣው ሰው ትወና መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ፣ የወረዳውና የቀበሌው ፈቃድ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ የሽማግሌዎች ይሁንታ የስክሪፕቱ አካል ተደርገው መታየት አለባቸው። ያለ ጩኸትና ያለ መሣሪያ የተጻፈው የበቅሎዋ ትዕይንት እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም ያሳያል፤ መንደሩን ሳያሸብር ይቀረጻል። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን እ.ኤ.አ. በ1974፣ ዘውዱ በሚንገዳገድበት ክረምት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመቅረጽ የቻለው ሙያተኛ ካልሆኑ የአገር ሰዎች ጋር ነው፤ እነሱ ባይቀበሉት ኖሮ ፊልሙ አይኖርም ነበር።

አንድ ነገር ለትምህርት ክፍሎቻችን ልጠይቅ። በእንግሊዝ ለፈተና የሚቀመጡ የሁለተኛ ደረጃ የሚዲያ ተማሪዎች ለዓመታት ይሰጣቸው የነበረው ሥራ ሙሉ ፊልም አልነበረም፤ ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ የአንድ አዲስ ልብ ወለድ ፊልም መክፈቻ ነበር። እኛ ዘንድ ተማሪ የመመረቂያ ፊልሙን በአንድ ትንፋሽ እንዲጨርስ ይጠበቅበታል፤ መክፈቻው የሚታየው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። መምህራን መክፈቻውን ለብቻው ይስጡ፣ ለብቻው ያርሙ። ከካሜራ በፊትም ተማሪው ይህን በአንድ ገጽ ጽፎ ያምጣ፦ ድርጊቱን ማን ማን አየ፣ ከየት ሆኖ አየ፣ ለምንስ ዝም አለ።